አየር ማጣሪያው ፍሙን አያይም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ቤት አየር ማጣሪያና ስለ ልብ ጤና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የአየር ማቀዝቀዣና ማጣሪያ ቴክኒሻን ነኝ። ዋና ሥራዬ የቀዶ ጥገና ክፍሎች፣ የላቦራቶሪዎችና የትልልቅ ቢሮዎች ማጣሪያ መግጠምና መቀየር ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ስልኬን የሚያጨናንቁት የግለሰብ ቤቶች ሆነዋል። ልጅ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ማሽን ይልካል። እናት ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ታስቀምጠውና ዳንቴል ታለብሰዋለች። ከወራት በኋላ «ቀይ መብራት አበራብኝ» ብላ ትደውላለች። ካቻቢቴዬን ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ዳንቴሉን አነሳለሁ፤ የተጣራው አየር የሚወጣው በላዩ በኩል ነውና።

ጽሑፋችሁ ውሸት የለበትም። ማጣሪያ ለልብ ይጠቅማል ያላችሁት ልክ ነው። ማሽኑ የማይችለውን ግን አልጻፋችሁም። እኛ ቤት ውስጥ በአንድ ሌሊት ሰው የሚገድለው ደግሞ እሱ የማይችለው ነገር፣ የከሰል ፍም ጋዝ ነው።

በቅድሚያ የሚችለውን ልናገር፤ ሥራዬም እንጀራዬም ነውና ማሽኑን ልንቅ አልፈልግም። ሄፓ የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ፣ ትክክለኛ ከሆነ፣ 0.3 ማይክሮን ከሚሆኑ ብናኞች 99.97 በመቶውን ይይዛል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከጭስና ከመኪና የሚወጣው፣ ሐኪሞች አብዝተው የሚፈሩት ብናኝ ፒኤም 2.5 ይባላል፤ መጠኑ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ50 እስከ 70 ማይክሮን ነው፤ ልዩነቱን እናንተው አስሉት። ይህን ብናኝ አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም። ሳንባ ጫፍ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ሰውነት ይቆጣል፣ ቁጣውም በደም ይዛመታል። ደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ደም ቶሎ ይረጋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉዳዩን በ2004 አንስቶ በ2010 እንደገና አጠናክሮ ጽፎበታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

እኛ ጋ ጭስ ሲባል ሰው የሚያስበው ሳልና አስም ነው። ቢበዛ ዓይን ማቃጠል ነው። ልብ ትዝ የሚለው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ይላል። ከነዚህ 32 በመቶዎቹ የሞቱት ልብን በሚመግቡ ደም ሥሮች ሕመም ነው። 23 በመቶዎቹ በስትሮክ። ሁለቱን ስትደምሩ ከግማሽ ያልፋል። የሳንባ ምች፣ ሥር የሰደደው የሳንባ በሽታና የሳንባ ካንሰር ሦስቱም ተደምረው እንኳ ከዚያ ያንሳሉ። ስለዚህ የጭሱን ነገር ከልብ ጋር ማገናኘታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

ማሽኑ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። ዘዴያቸው ግን ይመቸኛል። ተሳታፊው አንድ ጊዜ እውነተኛ ማሽን ይገባለታል፣ ሌላ ጊዜ መልኩ አንድ ሆኖ ውስጡ ማጣሪያ የሌለው። ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ሁለቱም መብራት ያበራሉ። የትኛው እንደደረሰው አያውቅም። በ2015 የታተመ የሻንጋይ ጥናት 35 ጤነኛ ተማሪዎችን ዶርማቸው ውስጥ ለ48 ሰዓት ሞከረባቸው። የክፍሉ ብናኝ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የላይኛው የደም ግፊታቸው 2.7 በመቶ ወረደ። በ2018 አሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 40 አረጋውያን ለሦስት ለሦስት ቀን ተሞክሮላቸው የላይኛው ግፊታቸው 3 ነጥብ ገደማ ወረደ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን በ2025 የወጣው ነው። እዚያው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ አውራ ጎዳና ዳር የሚኖሩ ሰዎች ቤት ማሽኑ ለአንድ ወር ሠራ። የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በላይ የነበረው ሰዎች 3 ነጥብ ገደማ ወረደላቸው። ግፊታቸው ደህና የነበረው ሰዎች ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላዩም። ማለትም ማሽኑ ለሁሉ እኩል አይደለም። ለወጣት ጤነኛ ሰው ሳሎን ከመገዛቱ በፊት መንገድ ዳር ለሚኖሩ፣ ግፊት ላለባቸው እናት መኝታ ቤት መግባት አለበት።

3 ነጥብ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። 150 የነበረውን 147 ያደርገዋል፣ በቃ። ጨው ከመቀነስ ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ለአንድ ሰው ትንሽ ነው፤ ለአንድ ከተማ ሕዝብ ግን ትንሽ አይደለም። መድኃኒት ግን አይተካም። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እናቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ መንገድ ፊት ለፊት ያለ ብሎክ ላይ ነው የምትኖረው። ግፊት አለባት። መኝታ ቤቷ ማሽን አስገባሁላት። ገና ሳይሞቅ «እንግዲህ ይሄ ካለ ኪኒኑን ልተወው?» አለችኝ። አምሎዲፒን በቀን አንዴ ነው የምትውጠው፣ እሱንም እንደ ዕዳ ነው የምትቆጥረው። «እማዬ፣ ኪኒኑን ካቆምሽ ማሽኑን ይዤ እሄዳለሁ» አልኳት። እስካሁን የተሠሩት ሙከራዎች የለኩት ግፊትንና የደም ምርመራን ነው፤ ያውም ለቀናትና ለሳምንታት። ማሽን ያስገባ ሰው በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ቀነሰ ብሎ ያረጋገጠ ሙከራ የለም። ዓምዳችሁ ላይ ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብትገባ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። መካከለኛው አሜሪካ ውስጥ ባለችው ጓቲማላ፣ ደጋው ላይ ሴቶች ቤት ውስጥ በክፍት እሳት ያበስላሉ። ከኛ ገጠር ጎጆ የሚለየው ነገር የለም። ተመራማሪዎች ለአንዳንዶቹ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሠሩላቸው። በ2007 ውጤቱ ታተመ። ምድጃው የተሠራላቸው ሴቶች የላይኛው ግፊት በ3.7፣ የታችኛው በ3 ነጥብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልብ በሉልኝ። አሜሪካ ውስጥ ውድ ማሽን ያስገኘውን የሚያህል ጓቲማላ ውስጥ ጭስ ማውጫ አስገኘ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በየጊዜው ከውጭ የሚመጣ ፊልትርም የለውም። ሁለቱ ጥናቶች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ በጥንቃቄ ማወዳደሩን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ። አንድ ቤተሰብ ያለውን ብር ከየት መጀመር እንዳለበት ለመንገር ግን ይበቃል።

ስለዚህ ሰው ደውሎ «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ሲለኝ «እንጀራ የት ነው የሚጋገረው? መብራት ሲጠፋስ በምንድነው የምታበስሉት?» እለዋለሁ። አንዳንዱ ይናደዳል። ማሽን ሊገዛ ደውሎ ስለ ማድቤቱ ይጠየቃል። ግን እንጨት ማድቤት ውስጥ እየነደደ፣ የሳሎን በር ክፍት ሆኖ፣ ማሽን መግዛት ብር ማቃጠል ነው። ፊልትሩ ዓመት ይቆያል የተባለው በወራት ያልቃል። ኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ካልሆነ ጭስ ማውጫ፣ እሱም ካልሆነ ከመኖሪያው የተለየ ማድቤት። ከነዚህ አንዱ ከተሟላ በኋላ ስለ ማሽን እናውራ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከሰል ነው። ክረምት ሲገባ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠላል፣ እስኪፈም ይጠበቃል፣ ከዚያ ቤት ይገባል። «ፈሟል እኮ፣ ጭስ የለውም» ይባላል። ጭስ የለውም፣ እውነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አለው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ኦክስጅንን ከሚሸከመው ሂሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ጤነኛውን ራሱን ሲያሳምመው፣ የልቡ ደም ሥር የጠበበበትን ደግሞ ደረቱን ያስጨንቀዋል። ሲበዛ ወጣትና ሽማግሌ አይመርጥም።

አንድ ደንበኛዬ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ሰፈሩን አልጠራም። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አላባራም። የተጠራሁት ፊልትር ልቀይር ነው። አባትየው መኝታ ቤት ጋቢ ለብሰው ጋደም ብለዋል። አልጋው ግርጌ ምድጃ ላይ ፍም ተቀምጧል። በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ፣ የመስኮቱ ክፍተት ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። ማሽኑ ጥግ ላይ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቀስ ብሎ ይሠራል። ልጅቷ በኩራት «ይኸው፣ አየሩ ንጹሕ ነው ይላል» አለችኝ።

«ጋሼ፣ ራስዎን ያምዎታል?» አልኳቸው።

«ከምሳ ጀምሮ ይወቅረኛል። ብርዱ ነው» አሉ።

መስኮቱን ከፈትኩት። ልጅቷ ምድጃውን አወጣች። እሳቸውን ደግፈን በረንዳ አስቀመጥናቸው፣ «በዝናብ ልትገሉኝ ነው እንዴ?» እያሉ። ቀለል ሲላቸውም ጤና ጣቢያ ሂዱ ብዬ አስወሰድኳቸው።

ማሽኑን መውቀስ አይቻልም። ሴንሰሩ የሚቆጥረው ብናኝ ነው፤ ጋዝ አይቆጥርም። የፈመ ከሰል ብናኙ ትንሽ ስለሆነ አረንጓዴ ያበራል። ካርቦን ሞኖክሳይድን በሄፓ ለመያዝ መሞከር ውሃን በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። ሽታ ይይዛል የሚባለው ጥቁሩ የካርቦን ፊልትርም ይህን ጋዝ አይችለውም። መፍትሔው ከሰሉን ቤት አለማስገባት ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የምትባል በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ዕቃም አለች፤ ጋዙ ሲበዛ ትጮኻለች። ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ልላክላችሁ?» ሲል ከማሽኑ በፊት እሷን እዘዙ። ዋጋዋም ከማሽኑ በብዙ ያንሳል። ዓምዳችሁ ይህን ሰኔ ሳይገባ በትልቁ እንዲጽፍ እለምናለሁ።

ስለ ገበያው ደግሞ ትንሽ። ቴሌግራም ላይ «ኤር ፒውሪፋየር» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ማጣሪያ አይደለም። እንፋሎት የምትተፋ፣ ቀለም የምትቀያይር ትንሽ የዩኤስቢ ዕቃ አለች። እሷ እርጥበት ነው የምትሰጠው፣ ምንም አታጣራም። ሌላው አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት የሚረጭ ነው። ከነዚህ አንዳንዱ ኦዞን ያወጣል፤ ኦዞን ራሱ ሳንባ የሚያስቆጣ ጋዝ ነው። ካሊፎርኒያ ከ0.05 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 0.05) በላይ ኦዞን የሚያወጣ የቤት አየር ማጽጃ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። እዚያ የማይሸጥ ዕቃ እዚህ በቅናሽ ቢመጣ አይግረማችሁ። ሻጩ «ከዝናብ በኋላ ያለውን ሽታ ይሰጣል» ካላችሁ ተሰናበቱት። ካርቶኑ ላይ «ሄፓ ታይፕ» የሚል ካለም ሄፓ አይደለም ማለት ነው።

ልኩም አለ። 12 ካሬ ሜትር መኝታ ቤት፣ ጣሪያው 2.5 ሜትር ከሆነ፣ 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩን በሰዓት አምስት ጊዜ ለማጣራት ማሽኑ በሰዓት 150 ሜትር ኩብ ማውጣት አለበት። ይህ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ወይም ማኑዋሉ ላይ ይጻፋል። ካልተጻፈ ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ለሳሎን ትንሽ ማሽን ገዝቶ መሃል ላይ ከማስቀመጥ መኝታ ቤት ማስገባት ይሻላል። ሌሊቱን ሙሉ በር ተዘግቶ የሚተኛው እዚያ ነው። የመብራት ወጪው አያሳስባችሁ፤ ትንሹ ማሽን ከ30 እስከ 60 ዋት ቢበላ ነው፣ የእንጀራ ምጣድ ግን ከ3 ሺህ ዋት ይበልጣል።

አደራ ደግሞ ሄፓውን በኦሞ አትጠቡት። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። አዲስ ፊልትር ውድ ነው፣ አይገኝምም፣ ይገባኛል። ነገር ግን ሄፓ እንደ ወረቀት የታጠፈ ስስ ክር ነው። ውሃ ከነካው ክሩ ይበላሻል። ታጥቦ ሲነጣ ያምራል፣ ብናኙ ግን ያልፋል። የሚጠርገው ከፊት ያለው ወንፊት ብቻ ነው፣ እሱንም በየሁለት ሳምንቱ በብሩሽ ወይም በቫኪዩም። እኔ ፊልትሩን አይቼ ቤቱን እለያለሁ። መንገድ ዳር ያለው ደረቅ ጥቀርሻ ነው፣ ጣት ላይ ግራጫ ይቀባል። ዕጣን የሚበዛበት ቤት ፊልትር ግን ቡናማ ነው፣ ይጣበቃል። ሙጫው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቅና አየር አላሳልፍ ይላል። ማሽኑም ይጮኻል። ሳሎኑን ሳላይ «ቡናው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው የሚፈላው አይደል?» ስላቸው ይስቃሉ።

የቡናው ነገር ከተነሳ እናቴን አስቀይሜያለሁ። ለሥራ የምጠቀምበትን የብናኝ መለኪያ ይዤ ሳሎኗ አስቀመጥኩት። ከሰሉ ሲገባ ትንሽ ከፍ አለ። ቡናው ሲቆላ ዘለለ። ዕጣኑ ፍሙ ላይ ሲወድቅ ቁጥሩን ማንበብ እስኪያቅተኝ ሮጠ። «አየሽ?» አልኳት። «አየሁ። ያለ ዕጣን ደግሞ ቡና የለም» አለች። ተደራደርን። ቡናው የሚቆላው በረንዳ ላይ ይሆናል። የሚፈላው በኤሌክትሪክ ነው። ዕጣኑ ትንሽ ይጨመርና ማጨሻው ክፍት መስኮት ሥር ይቀመጣል። በ21 ለማርያም እንግዳ ሲመጣ ድርድሩ እንደሚፈርስ አውቃለሁ፤ ሁልጊዜም ይፈርሳል። ቢሆንም የዘወትሩ ቀንሷል። ሰንደልማ ጭራሽ ቤቷ አይገባም።

መንገድ ዳር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ብናኙ የሚበዛው ሰው ወደ ሥራ ሲወጣና ወደ ቤት ሲመለስ ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ በመንገድ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ። ቀን ነፋሱ ሲነሳ ቤቱን ክፈቱት። ይህ በነጻ ነው። ቤት ውስጥ ከሰል ወይም ቡቴን ካለ ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ ያኔ መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

የመጨረሻ ጥያቄዬ ለእናንተ ለጋዜጣው ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ አዲስ አበባ ላይ የሚለካውን ብናኝ ለዓመታት በኢንተርኔት በይፋ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አሜሪካ የኤምባሲዎቿን መረጃ በመላው ዓለም ማሳየት አቆመች። እኔም ለደንበኞቼ «ዛሬ መስኮት ዝጉ» የምለው እሱን እያየሁ ነበር። ከተማው ውስጥ መለኪያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶችና ተመራማሪዎች አሉ፤ ጋዜጣ ቢጠይቃቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ለፒኤም 2.5 ያወጣው የመመሪያ ጣሪያ ለ24 ሰዓት 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ፣ ለዓመት ደግሞ 5 ነው። የትናንቱን ቁጥር ከነዚህ ጋር አድርጋችሁ ከዶላር ምንዛሪው ሠንጠረዥ ጎን አትሙልን። አንድ መስመር ነው የሚፈጀው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የአየር ማቀዝቀዣ ቴክኒሻን፣ አዲስ አበባ